ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ፊት

ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓ.ም.

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠዋት ወደ ሱቄ መጣች። ለስለቷ ያዘዘችው የማርያም ሥዕል ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። እንደ ልማዱ ከግርጌው እሷ ራሷ እጇን ዘርግታ ተደፍታ ተሥላለች። አየት አደረገችውና፣

«ይቅርብኝ እቴ። ከአሶሳው ነጋዴ ከሐሰን የወረቀት ማርያም ገዛሁ። እንዴት ያበራል መሰለሽ!» አለች።

የታተመው ወረቀት ከሱዳን ነው የሚመጣው። በዚህ ወር እንዲህ ብላ የተወችልኝ ሦስተኛዋ ናት። ግድግዳዬ ላይ የሌላ ሰው ፊት ያለባቸው ሦስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። የሰው ፊት ያለበትን ደግሞ ሌላ ሰው አይገዛም።

ሠዓሊው መሪጌታ ወልዴ፣ «የጥሩነሽን ፊት ፍቀሽ ስጪኝ፤ ቢያንስ አንዱ ይሸጥልሽ» አሉኝ። በቢላዋ ፋቅሁት። አላዘንኩም፣ አልተናደድኩም። ድንች የምልጥ ያህል ነበር።

ቦታውን ባዶ ይተዉታል ብዬ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ሌላ ፊት ተሥሎበታል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«መሪጌታ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ! ስንት ዓመት የሰው ስለት ስትሸጪ ኖረሽ ለራስሽ አንድም የለሽ። እኔ እንደሆንኩ ሥራ የለኝም፣ ነገ ወደ ጎጃም መመለሴ ነው። ገዢ እንዲመጣልሽ ለምኚበት።»

ነጠላዬን ሳይቀር አሳምረው ሥለውታል።

ይህኛውም አሁን የእኔ ፊት አለበት፤ ገዢ ቢመጣስ ምን አለኝና እሸጥለታለሁ? ይህን አልነገርኳቸውም። ብሩሻቸውን እያጠቡ ደስ ብሏቸው ነበር።