ስድሳ ጠርሙስ ጽጌረዳ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉሮሮዬን አሞኛል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? የሰርግ ጥድፊያ ሰው ያከሳልና በደንብ ብዪ። እጮኛሽስ ደህና ነው? የእናቱ ጉልበት እንዴት ሆነላቸው? ከልብ ጠይቂልኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም እንደምታውቂው ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ፊት የተቀመጠ ወገብ ነው፤ ከዚህ በላይ አልጠብቅበትም።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ አባትሽ አንዲት ቃል እንዳልጽፍልሽ አስጠንቅቀሽኛል። አልፈርድብሽም። ‹መጠጥ ተወ› ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልሽ ሦስቱንም ጊዜ ቀለሙ ሳይደርቅ አፍሬአለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ወጥ ቤቴ ነው። ወጥ ቤቴ ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። እሱን ሳልጠቅስ ነገሩን መጨረስ አልችልምና ስለ እሱ ጻፈች ብለሽ እንዳትቆጥሪብኝ።

ልጄ፣ ምርር ብሎኛል።

ከሁለት ወር በፊት ከስፌት ቤት ስመለስ የምግብ ጠረጴዛችን በጽጌረዳ አበባ ተሸፍኖ አገኘሁት። ሰውዬው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የእያንዳንዷን የአበባ ቅጠል ሥር በመቀስ ይቆርጣል። በየትኛው መቀስ? በጨርቅ መቀሴ። ምንድን ነው ይሄ ብለው፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ነጩ ሥሩ ይመራል አለኝ። እኔ ስለ ምሬት መች ጠየቅሁት? በኋላ አንዲት አንዲት ቃል ሳወጣጣው የጽጌረዳ መጠጥ፣ የሚያቀዘቅዝ፣ የማያሰክር፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ቤት ውስጥ ሊሠራ እንደሆነ ነገረኝ። ከስልኩ ላይ ያየው ነገር ነው። ምን ሊያደርግልህ ነው ብለው መቁረጡን ቀጠለ። ታውቂዋለሽ፤ ከእሱ ግድግዳ ማናገር ይሻላል።

የመጀመሪያውን አበባ ያመጣው ከአበባ ሻጭ ነበር። ውኃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ጽጌረዳውን ነክሮ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ስኳር ጨምሮ፣ በጨርቅ ሸፍኖ አሳደረው። በማግስቱ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጡረተኛዋ መምህርት መጥተው አዩና የአበባ ሻጭ ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለሆድ እንዳልሆነ፣ የተባይ መድኃኒት እንደሚረጭበት ነገሩት። ያን ሁሉ ስኳር ደፋው። እኔ እሰይ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። የት ተገላግዬ!

መምህርቷ አጥራቸው ላይ ምንም ያልተረጨበት ጽጌረዳ አላቸው። ጓሯቸው ያለው ቧንቧ ደግሞ ዓመት ሙሉ ያንጠባጥባል። ተስማሙ። እኔ የወጥ ቤቴን ቧንቧ አብጅልኝ ብዬ ስለምን ስንት ጊዜዬ ነው? የቧንቧ ሠራተኛ አግብቼ ከቧንቧ ሥር ባልዲ ስቀያይር አረጀሁ። የእሳቸው በአንድ ከሰዓት ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ከበረታ ሽታው ይሄዳል ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ዘለላ አበባ አምጥቶልኝ አያውቅም። አሁን ቤቱ በአበባ ተሞልቶ አንዷን አንስቼ ባሸት ተቆጥራለች፣ አስቀምጪያት ይለኛል።

ወተትና ሥጋዬ ከፍሪጅ ተባረሩ። ወለሉ በስኳር ተለውሶ ስራመድ ጫማዬን ይዞ ያስቀረዋል። ጉንዳኑም ሰምቶ መጣ፤ ከበሩ እስከ ምድጃው ሰልፍ ነው። ሁሉንም ቻልኩ። አንድ ቀን ግን ለሆስፒታሉ ነርሶች ጋውን ገበር ብዬ ያስቀመጥኩትን አቡጀዴ ስዘረጋ ከመሐሉ አንድ ክንድ የሚያህል ተቆርጧል። ፈልጌ ፈልጌ ድስት አፍ ላይ ታስሮ፣ ሮዝ ቀለም ጠጥቶ አገኘሁት። ለማጥለያ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ጨርቅ ቤት ውስጥ የለም አለኝ። የተመሰገንኩ መስሎት ነው። ቀጠሮ አሳልፌ የማላውቅ ሴትዮ የነርሶቹን አለቃ ሦስት ቀን አመላለስኳቸው።

ቀጥሎ የጠርሙሱ ጉዳይ መጣ። እኩለ ቀን ላይ ሥራዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባዬ ከምሳ ተመልሳ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለችና ሰውዬሽን መታጠፊያው ላይ ያለው መጠጥ ቤት ሲገባ አየሁት አለችኝ። እጄ ላይ የነበረውን እጅጌ መርፌው እንደተሰካበት ትቼ ወጣሁ። ምን እያልኩ እንደሄድኩ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ያሳደገሽ አፍ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ቤት ስደርስ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ዘርግፎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በፈላ ውኃ ያጥባል። ገና አፌን ስከፍት ባዶውን ነው ያመጣሁት አለኝ። አላመንኩትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። አንድ በአንድ አሸተትኳቸው። እሱም ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ አልተቆጣም።

በሳምንቱ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት መንገድ ላይ አስቁሞ ሰውዬሽን ምን አድርገሽው ነው ከአምና ጀምሮ የጠፋብኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣ ብዬ ደስ ሲለኝ ባዶ ጠርሙስ ለመነኝ፣ እሱንም ደጅ ቆሞ ካልሰጣችሁኝ ብሎ በግድ ነው ያስገባሁት አለኝ። ይሄ የእሱ ወሬ ነው። እኔ የምመሰክረው ነገር የለኝም፤ እንደነገረኝ ነው የነገርኩሽ።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልተናገርኩም።

ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት አንድ ቀን ተኩል ጠፋ። ሙቀቱ ደግሞ ልብስ የሚያስወልቅ ነበር። ፍሪጁ ውስጥ አርባ ጠርሙስ አለ። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ገና በሩን ስከፍት አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ያን ሽታ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ትራሴ ላይ አድሯል። ወጥ ቤት ስገባ ሰውዬው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ ፊቱ ሦስት የተከፈተ ጠርሙስና ግማሽ የደረሰ ብርጭቆ አለ። ብርጭቆውን አንስቼ ቀመስኩት። ምላሴን ቆነጠጠው። ተብላልቷል፣ ልጄ። ስኳሩ በሙቀቱ ወደ ሌላ ነገር ሄዷል።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የወንድምሽን ሰርግ አነሳሁ፤ ማይክሮፎኑን ነጥቆ ሙሽራይቱን ያስለቀሰበትን፣ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ አንቺ በነጭ ቀሚስሽ ጎትተሽ ያወጣሽውን። በዚህም በቃኝ አላልኩም። ልጅህ በሰርጓ ቀን ፊትህን ላየው አልፈልግም ብላ የጻፈችው ለዚህ ነው አልኩት።

ካፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ያንን ደብዳቤሽን እኮ ደብቄው ነበር። ‹ብቻሽን ነይ፤ ሰርጌ ላይ መጠጥ የሚባል አይገባም፣ እሱም አይገባም› ያልሽበትን እቤት ባለው የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ማጠንጠኛው ሥር አድርጌው ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ አለኝ። መቼ ብለው መቀስሽን ስፈልግ አለኝ። መቀሱን ደግሞ የፈለገው በዚያ በመጀመሪያው ቀን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ኋላ ሳጣራ ግን ለካ ከዚያም አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው፤ የራሱን ሱሪ ሊያሳጥር ፈልጎ ነው ያገኘው። አንቺ፣ ልጄ፣ ሰርጌ ላይ መጠጥ የለም ስላልሽ፣ ሰው በሰርግ ቀን እጁ ላይ የሚይዘው ደህና ነገር ይፈልጋል፣ ባዶ እጁን አይቆምም አለኝ። ይሄን ብቻ ነው ያለኝ።

እንደዚያ ተፋጥጠን ሳለን መምህርቷ ከጓሮ በኩል የራሳቸውን ማንኪያ ይዘው ገቡ። ነገር እንዳለ እንኳ አላስተዋሉም። ያቺ ብርጭቆ የእኔ ነበረች፣ የት ሄደች አሉ። ለካ ሰውዬው ሽታውን ሲጠረጥረው አልቀምሰውም ብሎ እሳቸውን ጠርቷል። ሦስቱንም የቀመሱት እሳቸው ናቸው። አንዱም ጠርሙስ እንደማይሆን፣ ሁሉም መደፋት እንዳለበት ፈረዱ። እሱም ተነሳና አርባውንም አንድ በአንድ እየከፈተ ደፋቸው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር የሚደፋው። የሁለት ሳምንት ማለዳ ነበር እዚያ ውስጥ።

ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሲንኩን በደንብ እጠበው የሚል ነው። እሺ አለኝና አጠበው።

በማግስቱ ማለዳ ሳህኑን ይዞ ሲወጣ ሰማሁት። እኔም ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ተከተልኩት። አጥሩ ጥግ ቆመን እሱ ይቀነጥሳል፣ እኔ ሳህኑን እይዛለሁ። መምህርቷ በመስኮታቸው ሆነው አሁን ገና ሥራ ተጀመረ አሉን። እሳቸው ናቸው ዘዴውን የቀየሩለት። ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ማሳደሩን ትቶ አፍልቶ፣ ስኳሩንና ሎሚውን አብዝቶ፣ ወፈር አድርጎ በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ያሽገዋል፤ ሲጠጣ ነው በውኃ የሚቀጥነው። እንደዚህ ከሆነ አይብላላም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ምንም አልሆነም። እኔም ቀመስኩት። ልዋሽሽ አልችልም፣ ይጣፍጣል። መጀመሪያ ሎሚው ይመጣና ከዋጥሽው በኋላ ጽጌረዳው አፍሽ ውስጥ ይቀራል።

ስድሳ ጠርሙስ ደርሷል። ሁሉም ላይ ወረቀት ለጥፎ፣ በዚያ ቧንቧ ላይ ምልክት በሚያደርግበት ወፍራም እርሳስ ‹ጽጌረዳ። አልኮል የለውም።› ብሎ ጽፎበታል። ስድሳ ጊዜ። ጽጌረዳ ያሰክራል የሚል ማን አለ፣ ለምን ትደክማለህ አልኩት። ለሌላው ሰው ተገዝቶ የመጣ ነው በዪ፣ እሷ ግን ጽሕፈቴን ታውቀዋለች አለኝ።

ልሂድ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ሣጥኖቹን መኪና ተራ ድረስ አድርሼ እመለሳለሁ ነው ያለኝ። ኮቱን ግን ትናንት አውጥቼ አየሁትና ወገቡን በሁለት ጣት አጠበብኩት። ሆዱ ስለጠፋ ሰፍቶታል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰፋ ልብስ ቁምሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ሳይ አያስችለኝም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ልጄ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አቀላቀሉ አንድ እጅ ከእሱ፣ አራት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ከበረዶው በፊት ነው መቅጠን ያለበት፣ ሎሚው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄንን ሁሉ እኔ በቃሌ መያዝ አልቻልኩም። ለሦስት መቶ ሰው የሚቀላቅል፣ ከኋላ ቆሞ የሚሠራ፣ አዳራሽ ውስጥ መግባት የማያስፈልገው፣ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የመኪናው ትኬት የሚቆረጠው እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። አንድ ልቁረጥ ወይስ ሁለት? አንድ ካልሽኝ አንድ እቆርጣለሁ፤ አልቀየምሽም፣ ሁለተኛም አላነሳብሽም። ብቻ ከሐሙስ በፊት ይድረሰኝ።

ትዳርሽ የሰመረ፣ ቤትሽ የሞላ ይሁን። የምታገቢው ሰው ቃሉን የሚጠብቅ ይሁንልሽ፤ ባይጠብቅም የሚመለስበትን በር አያጣ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ከእኔ ዕድሜ ላይ ተቀንሶ ለአንቺ ይጨመርልሽ።

ስለ ወጥ ቤቷ ብቻ የጻፈችልሽ፣
እናትሽ