ረጅሙ ብሎን

ሰኞ፣ ነሐሴ 12፣ ከሰ. 10፡00
ገመድ ስጎትት ዋልኩ። ትከሻዬ አለቀ። የጀልባዋ ሞተር ወይ ፍንክች! ካንዴላውን ፈትቼ ከሞተሩ ብረት አስጠግቼ አየሁት፤ ብልጭታ የለም። በአዲስ ቀየርኩ፤ የለም። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው።

አንቺ ደብተር፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ? እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ተሳቢ ሥር ተጋድሜ ነው ሙያ የተማርኩት። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያውቅም። እዚህ ሰመራ ግን ሰኢድ የማያስነሳው ሞተር የለም ተባለና ይሄንን አሮጌ በበጋ አመጡልኝ። አጥቤ፣ ገጣጥሜ መለስኩ። ሰሞኑን የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ሦስት ቀን ሠርቶ ቀጥ አለ።

ዱብቲ በኩል፣ ከውሃው ማዶ ሰዎች ከነፍየሎቻቸው ጉብታ ላይ ናቸው። የጀልባዋ ነጂ ሁመድ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ ጀልባዋን በገመድ እየሳበ ያሻግራቸዋል አሉ። ቶሎ ማስነሳት አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ጠ. 4፡00
ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሐጂ ዓሊ ሁመድንና ሽማግሌዎቹን አስከትለው ጋራዥ መጡ። ጀልባዋ የመንደሩ የጋራ ናት፤ ኃላፊዋ እሳቸው ናቸው። ምን ነካው አሉኝ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ውሃ ገብቶበታል፣ ብልጭታ የሚያመነጨው ኮይል ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ሰምጦ ነበር አልኩ። ያውም ኮስተር ብዬ! ሁሉም ወደ ሁመድ ዞሩ። ወላሂ አልሰመጠም አለ። አንዴ ብቻ ነው ያለው።

አስምጦ ይክዳል ተባለ። ጀልባዋን ከእጁ ወስደው ለሌላ ነጂ ሰጡ። ሁመድ ሲወጣ ተሰናበተኝ። እጄን ጨብጦ፣ በወጉ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15፣ ቀን 6፡30
ሰርዶ ነኝ። የአንድ ተሳቢ ፍሬን ልሠራ መጣሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ሻይ ቤት አጠገቤ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀመጡ። ሰላምታ፣ ከዚያ እንደ ወጉ ዳጉ፦ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። እኔ የመንገዱን ወሬ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ዱብቲ በኩል አንድ ጀልባ ነጂ የሕዝብ ሞተር አስምጦ ካደ አሉ። ከማን እንደሰሙ ቆጠሩልኝ፤ ከግመል ነጋዴ፣ እሱ ከአጎቱ ልጅ፣ ያ ደግሞ ከሰመራ መካኒክ አፍ። መካኒኩ እኔ መሆኔን አላወቁም። ዳጉ ላይ ውሸት ትልቅ ነውር ነው፤ ለዚህ ነው ምንጩ የሚቆጠረው።

ሻዬን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ገመትኩ እንጂ አልዋሸሁም እላለሁ። ታዲያ ግምት ነው ብዬ መቼ ተናገርኩ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17፣ ጠ. 3፡00
አገኘሁት። ባላገኘሁት!

ይሄ ሞተር የሚጠፋው በአንዲት ሽቦ ነው። የማጥፊያው ቁልፍ ሲጫን ሽቦዋ ከሞተሩ ብረት ጋር ትገናኛለች፤ ብልጭታው ያኔ ይቆማል። ዛሬ ያቺን ሽቦ ነቅዬ ገመዱን ሳብኩ። ካንዴላው ላይ ሰማያዊ እሳት ቧ አለ! ኮይሉ ደህና ነው። ምንም አልሆነም። ሽቦዋን በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ፤ አንድ ብሎን ሥር ተነክሳ፣ ተልጣ፣ ከብረቱ ተጣብቃለች። ቁልፉ ሁሌ እንደተጫነ ማለት ነው።

ብሎኑን ፈታሁት። ረጅም ነው። የጭነት መኪና ብሎን። በበጋ የሞተሩ የራሱ አጭር ብሎን አሸዋ ውስጥ ጠፍቶብኝ፣ ከብሎን ቆርቆሮዬ ይሄንን አንስቼ ይሄዳል ብዬ ያሰርኩት እኔ። ሲንቀጠቀጥ ሽቦዋን በላት። እኔ ነኝ። ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ።

ያው ቅዳሜ፣ ቀን 9፡00
ሽቦዋን በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ አጭር ብሎን አስገባሁ። በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረን ስንስበው በሁለተኛው ተነሳ። ጋራዡ አጨበጨበ። ሐጂ ዓሊ መጥተው እጅህ ይባረክ አሉ። የተቃጠለ ኮይል ያዳንኩ መስሏቸዋል። አላረምኳቸውም። ይባስ ብሎ ለአፍታ ደስ አለኝ። ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19፣ ጠ. 2፡00
ሶላት ላይ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ይጠፋብኛል። ሰበብ እደረድራለሁ። ሞተሩ ሠርቷል፣ ሰው እየተሻገረ ነው፣ ያለፈውን መቆስቆስ ለማን ይጠቅማል ወ.ዘ.ተ.። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አዲሱ ነጂ ዘይት ሊወስድ መጥቶ ነበር። ሁመድስ ብዬ ጠየቅሁ። መንገድ ላይ ዳጉ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ አለኝ። ሰላም ይሉታል፣ ዜናውን ግን አይቀበሉትም። የካደ ሰው ዜና ምን ያደርጋል ብለው። ይሄን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። ልመታው ነበር። ማንን ነው የምመታው?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20፣ ጠ. 1፡30
ደወልኩ። ሁመድ ድምፄን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ ነው። ተነስቷል አልኩት። አልሐምዱሊላህ አለ፣ ከልቡ። መረቀኝ፤ እኔን፣ ልጆቼን፣ እጄን። እዚያው ልነግረው ነበር። ግን እሱማ መቼ ጠፋው፤ እንዳላሰመጠው ያውቃል። ለብቻው በስልክ መንገር ሌላ መደበቅ ነው። መስማት ያለባቸው ሌሎቹ ናቸው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ለሐጂ ዓሊ ደውዬ ሽማግሌዎቹን ለአራት ሰዓት ወንዝ ዳር ሰብስቡልኝ አልኳቸው። ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀጥታ ሰርዶ፣ ያ ሻይ ቤት። ዜናው የኔን ስም ይዞ ይዙር፤ ሰመራ ደንበኛ ባይቀረኝም ይቅር።

ሁመድን ና አላልኩትም። አይኑን ማየት ፈርቼ። እሱ ግን ወንዝ ዳር ትመጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው እኔም እመጣለሁ አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ልስማው፣ ናፍቆኛል አለ።

ባጃጁ ደርሷል። ሂድ፣ ሰኢድ።