ከውሌ ሰባት ዓመት ስለዘገየው ሕመሜ

ለተከበሩ የመርከበኞች የጉዳት ካሳ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም የኮሚቴው አባላትም፣ በተለይ ኩላሊቶቻችሁ፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመርከብ ሞተር ክፍል ስሠራ የታመምኩት ሙስዓብ ጃዕፈር፣ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት እየተደረገልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ለመጻፍ በቅቻለሁ። ሐኪሙ ያዘዘው ሦስት ቀን ነው። ሦስተኛው ቀን የእናንተን ፊርማ ይጠብቃል።

የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. የጻፋችሁልኝ ውሳኔ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ማኅተሙም አልተንሻፈፈም። ስለ ሁለቱም ከልብ አመሰግናለሁ። ውሳኔው እንደሚለው ውሌ ያለቀው በጥቅምት 2016 ሲሆን፣ የታመምኩት ግን ኅዳር 14 ቀን 2023 ነው፤ ስለዚህ ውሉ ካበቃ ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣ ሕመም ከሥራዬ ጋር ግንኙነት የለውም። ሂሳቡ ትክክል ነው። ቅሬታዬን ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ውሌ እዚሁ አገር በእኛ አቆጣጠር ተጻፈ። የሕክምና ማስረጃዬ ባሕር ማዶ በእነሱ አቆጣጠር ተጻፈ፤ 14/03/2023 ይላል። ኮሚቴው ሦስተኛውን ወር ኅዳር ብሎ አነበበው። በእኛ ግን ቀኑ መጋቢት 5፣ 2015 ነው፤ ውሌ ሊያልቅ ሰባት ወር ሲቀረው። ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። የሞተሩ ሙቀት። ሽንቴ ከቆመ ሁለተኛ ቀኑ። አለቃዬ ውሃ ጠጣ አለኝ፤ ጠጣሁ። እግሬ ከማበጡ የተነሳ የጫማዬን ማሰሪያ ቆርጠው አወለቁልኝ። ከዚያ ወደብ። ከዚያ ነጭ ጣሪያ። ኅዳርን የትም አላየሁትም።

2ኛ. ይህንኑ ለማስረዳት መስኮት ቁጥር አራት ቀርቤ ነበር። ባለሙያችሁ አቶ መርዳሳ በአክብሮት አስተናግደውኛል፤ «ወንድሜ፣ እኔ ቀን አልቀይርም፤ ኮሚቴው የጻፈውን ነው የማነብልህ» አሉኝ። አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ ሑስና የእኔ ዓይነት ትዕግሥት የላትም። «ጋሼ፣ 2023 እኮ ገና አልገባም! ገና ያልታመመውን ሰውዬ ታዲያ ለምንድነው የሚያጥቡት?» ብላ መስኮቱን አንኳኳች። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አቶ መርዳሳም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው መስኮቱን ዘጉት። በእሷ ፈንታ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሳስበው ጥያቄዋ ልክ ነው። ተውኩት።

3ኛ. አንዳንዴ ማሽኑ አጠገብ ተኝቼ እጠራጠራለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰውን ያጠራጥራል። ምናልባት ኮሚቴው ልክ ይሆን? ፍራንኮ ሰፈር ከባጃጅ ስወርድ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ ይህ ገና ያልመጣ ሕመም ነው እያልኩ ግድግዳ እይዛለሁ። ክቡርነትዎ፣ እስከ 2023 ጤነኛ ከሆንኩ ይህንኑ በደብዳቤ ያረጋግጡልኝ። ለማሽኑ አሳይቼ ቤቴ እገባለሁ።

4ኛ. ከውሳኔው ጋር «ውሳኔውን ተቀብያለሁ» የሚል ቅጽ ልካችሁልኛል። ብፈርም ፋይሌ በክብር ይዘጋል። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ቃል ፈልጌ ስላጣሁ እንዲሁ እጽፈዋለሁ፦ አልፈርምም። ቀኑ ይታረም፤ ፋይሉ እንደገና ይታይ። እስከዚያው፣ እጥበት በሌለኝ ቀን ሁሉ፣ መስኮታችሁ ፊት አግዳሚው ላይ ታገኙኛላችሁ። ሦስት ማመልከቻ በፖስታ ልኬ መልስ በማጣቴ ይህን አራተኛውን በአደባባይ እንዳነበብኩት ይቁጠሩልኝ።

የምታመምበትን ቀን ከእኔ ቀድመው ስላወቁልኝ እያመሰገንኩ፣ ኅዳር 14 ቀን 2023 በጤና እንዲያገኝዎ፣ እኔንም በሕይወት እንዲያገኘኝ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሙስዓብ ጃዕፈር
የቀድሞ የሞተር ክፍል ሠራተኛ፣ የወደፊት ሕመምተኛ

ሳልረሳው፦ ትናንት ወለንጪቲ የሚኖር ገመዳ የሚባል መርከበኛ ደወለልኝ፤ የታመመው ሳንባውን ነው። የእሱ ውሳኔም ቃል በቃል የእኔው ነው። በእሱ ወረቀት ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስሜን መቀየር ረስታችኋል። ማክሰኞ ሁለታችንም ሁለቱን ወረቀቶች ይዘን እንመጣለን።