እርጥብ ሰንበሌጥ

ሰኞ፣ ነሐሴ 8

ምላሴን በቆረጠው! "ይታጨዳል" አልኩ። ካድሬው ስብሰባ መሃል ድንገት ዞሮ፣ "የግብርና ባለሙያዋስ ምን ትላለች?" ሲለኝ ደነገጥኩ። የአዲሱ መንደር ጎጆዎች ለመስከረሙ የአብዮት በዓል የሰንበሌጥ ክዳን ይልበሱ ተብሏል። ሣሩ ለክዳን የሚደርሰው ግን ኅዳር ላይ፣ ዘሩን አራግፎ ሲደርቅ ነው። ይህን እያወቅሁ!

ቤት ክዳን የሚያውቁት ሼህ ይመር ብቻ ተነሡ። "እርጥቡን ከከመራችሁት ከውስጥ ይግላል፣ ይጨሳል። ኋላ አልነገርከንም እንዳትሉኝ።" ካድሬው ጻፈው። ምን አስጻፈው?

ረቡዕ 10

አጨዳ ተጀመረ። የቢሮ ሰዎች በዶማ ከነሥሩ ይነቅሉታል! ሼህ ይመር ማጭድ ተቀብለው ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርገው አጭደው አሳዩአቸው። "ሥሩ ካለ ለከርሞም አለ፤ አባቴም ያጨደው ይኸንኑ ነው" አሉኝ። አንዱን በእጄ ልንቀል ብል መዳፌን ቆረጠኝ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

ዝናብ መጣ። እየተሯሯጡ እንደረጠበ ከመሩት። ሦስት ክምር።

ሐሙስ 18

ከታጨደው ሥር አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሏል። ክምሮቹ ግን ኮምጠጥ ያለ ሽታ አላቸው። ልናገር? ይታጨዳል ያልኩት እኔው ነኝ። ዝም አልኩ። ፈሪ!

ዓርብ 19

አንዱ ክምር ጠዋት ሲጨስ ተገኘ፤ ሲበትኑት ነደደ። ሼህ ይመርን ከጁምዓ ሲወጡ ያዟቸው። ካድሬው፣ "ይጨሳል ብሎ ዝቶ ነበር፤ ተጽፏል" ይላል። አሻጥር መሆኑ ነው!

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ጋቢ ይዘው ወደ እስር ቤት ሲሄዱ አገኘኋቸው። በዚህ በሮቢት ሙቀት ጋቢ? "ሲሚንቶው ይበርዳል፣ ልጄ" አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ቅዳሜ 20

ካድሬውን ከቁርሱ አስነሥቼ ሁለተኛው ክምር ጋ ወሰድኩት። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ፤ ጮኼ አወጣሁት።

"እስቲ እርስዎም ይሞክሩ፣ ጓድ።"

ከተተ። ወዲያው መዞ ጣቶቹን እፍ እፍ አለባቸው።

"ይህንንስ ማን ለኮሰው?" አልኩት። "ማንም! እርጥብ ስለሆነ ነው። እያወቅሁ ነው ይታጨዳል ያልኩት። ፈርቼ።"

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "ያልሽውን ጽፈሽ ፈርሚ።" ፈረምኩ።

ከሰዓት ሼህ ይመር ተፈቱ። አልሐምዱሊላህ! ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ የቀሩትን ክምሮች አስበተኑ።

እኔ ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤት እንድቀርብ ታዝዣለሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስወጣ ጋቢ አስይዛኝ ነበር። ሮቢት ከገባሁ ነክቼው አላውቅም። አሁን ከሻንጣ አወጣሁት።