ለመርዶ ወደ ቆላ ስንወርድ

ሐምሌ 23። እናትሽ መሞትሽን ገና አልሰሙም።

ጥሩዬ፣ ከተለየሽን ወር ሊሞላ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እናትሽ ቤት፣ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እሳቸው ጓዳ ናቸው። ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝና «ለጥሩ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ሰላም በልልኝ። ክረምቱን ሰበብ አድርጋ እንዳትቀር በላት» አሉ። ይኸው ብዬሻለሁ።

ቤት ደህና ነው። ላሚቱ ወለደች። ልጃችን ሰናይት የምትተኛው አንቺ ቦታ ነው፤ የትራስ ልብሱን ላሳጥበው ብላት እምቢ አለችኝ።

መርዶውን እስከ ዛሬ ያዘገየው ወንዙ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ስልክ መሥራት ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዱ ደውሎ ብቻቸውን ባሉበት «እግዜር ያጥናዎት» ቢላቸውስ? የነፍስ አባትሽንና ጎረቤታችንን ሼህ ሰኢድን ለምኜ ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው ያዘን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል፤ እስኪጎድል ቁጭ አልን። ሼህ ሰኢድ «አብሽር፣ ውሃ ነው፣ ያልፋል» ይሉኛል። እኔ ጆሮዬ ማዶ ነው፣ ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ ብዬ።

እዚያው መሻገሪያ ላይ ነው ያኔ ለእናትሽ ልታሳዪኝ ስታመጪኝ የሳቅሽብኝ። ጫማሽን ራስሽ ላይ አድርገሽ ቀድመሽኝ ተሻገርሽ። እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ቆሜ ቀረሁ።

መኪናውን ትተን በእግር ተሻገርን። አጎትሽ ቤት አድረን፣ ሲነጋ ጎረቤት ሰብስበን እንደ ደንቡ ልናረዳቸው ነበር ሐሳባችን። ዳገቱ ላይ ሼህ ሰኢድ ዞር ብለው አዩኝ። የጋቢዬን ጥለት በሐዘን ወግ አንገቴ ላይ እንዳደረግሁት ነበር። «አንተ ሰው፣ ጋቢህ ቀድሞን ሊያረዳ ነው» አሉኝ። አስተካከልኩት። ጺሜን ግን ማናችንም አላሰብነውም።

እናትሽ ስንሻገር አይተውን ኖሮ መንገድ ላይ ጠበቁን። ጉንጬን ያዙ። «ከተማው ምላጭ አጣ? ጥሩስ እያየች ዝም አለችህ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማማ።»

የነፍስ አባትሽ ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱ ሽማግሎች ወደ አጎትሽ ቤት ሲሄዱ እናትሽ እኔን እጄን ጎትተው ቤት አስገቡኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጡም። በሶ ፈጭተውልሽ ቆይተዋል። ሆድሽን እንደሚያምሽ ያውቃሉ፤ የት እንዳደረሰሽ አያውቁም። «ለራሷ ነው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንዳትበጠብጠው» እያሉ ወደ ስልቻ ይቀዳሉ፤ እኔ የስልቻውን አፍ እይዛለሁ። የጎረቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር እጄ ይላላል። «ምን ሆነሃል አንተ፣ አፈሰስከው እኮ» አሉኝ። ብዕሬን መክደን ረሳሁ ብዬ ወደዚህ ተመለስኩ።

ስልቻው ግማሽ ደርሷል። ነገ ጠዋት ለቀስተኛው ሲገባ እዚያው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሞልተውት፣ አፉን አስረው፣ እፎይ ብለው ተኝተው ከሚያዩት ዛሬውኑ ይወቁ። ደንቡን አፍርሼ እንደሆነ ሽማግሎቹ ይውቀሱኝ።

በሕይወት እንዳለሽ አድርገው ሲቆጡሽ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ያሉትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ ለሰናይትም እነግራታለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከእኔ ጋር ይኖራል።

እየጠሩኝ ነው። «መጣሁ» ብያቸዋለሁ። ስልቻውን ወደያዙበት ጓዳ ሳይሆን በውጭው በር ወጥቼ ሽማግሎቹን ከአጎትሽ ቤት ልጠራ እየሄድኩ ነው።