የጽጌ የሕመም ወረቀት

ሪደርቫልድ፣ ዓርብ ጥቅምት 14

ዛሬም ልቤ አላረፈም። የጎረቤቴ የጽጌ የሕመም ወረቀት ዛሬ ያበቃል። አሁን ሥራ ስለሌላት የምትኖረው ከጤና መድኑ በሚከፈላት የሕመም ክፍያ ነው፤ በዚህ አገር ሕግ ሰኞ ሐኪሙ ካላደሰላት እሱ ይቋረጣል፤ ለጡረታዋ የሚገባላትም መዋጮ አብሮ ይቀራል። እሷ ግን ጠበል ጀምራለች።

«ሱባዔዬን ሳልጨርስ ሐኪም ቤት አልረግጥም፤ አይቆጡኝ እማማ። እግዜርን ልጠራጠር?»

«አሳድሺውና ወደ ጠበልሽ ተመለሺ። እግዜር ቴርሚን፣ የቀጠሮ ቀን፣ አይይዝብሽም፤ የመድኑ ሰዎች ግን ይይዙብሻል።»

ሳቀች እንጂ እሺ አላለችም።

ባለቤቴም ታሞ ሳለ እንዲሁ ብሎ ክፍያው ሲቋረጥበት፣ ሕጉን አንብቤ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። እምነቱን የምነካበት መስሎኝ ነበር።

ሰኞ በማለዳ በሯን አንኳኳለሁ። ብትቆጣኝም ትቆጣኝ። ባለቤቴ ያኔ ዝም በማለቴ አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም…