መርዶ የማያውቅ ዕቃ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለባንተአምላክ ሣህለ ማርያም፣ ካርቱም።

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ምስራቅስ እንዴት ናት? የጋራዡ ሥራ፣ የአገሩ ሙቀት እንዴት ይዞአችኋል? እኛ በሐዘን ላይ ብንሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን።

ይህን ወረቀት በእጅህ የሰጠህ ነጋዴው ፋንታ ነው። መጀመሪያ እዚያ ያሉትን የአገራችንን ሰዎች ሰብስቦ፣ በማለዳ ከቤትህ ሳትወጣ እንዲያረዳህ፣ ወረቀቱን ግን ልቅሶህን ከጨረስህ በኋላ እንዲሰጥህ አስምለነዋል። ስለዚህ አባባ እንደሌሉ አሁን ታውቃለህ። ኅዳር 19 ቀን ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ቢቸና፣ እኅታችን ስርጉት ቤት፣ በእጇ ላይ ዐረፉ። አልተሰቃዩም። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ አንተንም ያጽናህ።

ግን እኔ የምጽፍልህ ላጽናናህ ብቻ አይደለም፤ ልቆጣህም ነው። እማዬ በሐዘኑ ላይ ቁጣ አትጨምርበት ብላ ለምናኝ ነበር። አልሆነልኝም። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥሁት፤ ዛሬ ግን አልዋጥ አለኝ።

አምና ለፋሲካ የላክኸው፣ እኔ በምነዳት ሚኒባስህ ከመሪው ሥር የሚሰካው ያ ጣት የማያህል ዕቃ የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። ካርቱም ተቀምጬ በስልኬ የሞተሩን ሙቀት፣ ፍጥነቱን፣ የቆመችበትን ቦታ አያለሁ፣ ለመኪናዋ ጤና ነው አልኸኝ። እሰይ ብዬ ሰካሁት። የራዲያተሩ ውሃ መጉደሉን እኔ ሳላውቅ አንተ ከካርቱም ደውለህ የነገርኸኝ ቀን ለሞጣ ሰው ሁሉ አወራሁልህ፤ አባባም መረቁህ። ከዚያ ወዲያ ግን መኪናዋን ትተህ እኔን ትመረምር ጀመር። ግንደወይን ላይ ለምን አሥር ደቂቃ ቆምህ? ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ለምን አበዛህ? ወይ ነዶ! ይሄ እኮ የቢቸናና የሞጣ ኮረኮንች ነው፣ የካርቱም አስፋልት መሰለህ? ሽንት ልሸና ብወርድ እንኳ ትደውላለህ። እሱንም ታናሼ ነው፣ መኪናዋም የላቡ ናት ብዬ ቻልሁት።

የዚያን ማክሰኞ ከሞጣ ቢቸና እንደ ደረስን፣ አስከሬኑ ገና ሳይገነዝ የንስሐ አባታችን አባ አካለ ወልድ ሁላችንን ሰብስበው ገዘቱን። ባንተአምላክ በሰው አገር ነው፣ በስልክ መርዶ የነገረው ቢኖር ውግዝ ይሁን አሉ። የእማዬን ስልክ ወሰድንባት። ነገር ሁሉ ፌስቡክ ላይ የምትለጥፈው ልጄ እፀገነት እንኳ ስልኳን አጥፍታ ለእናቷ ሰጠች። የሚስትህ ወንድም ደምለውም ለምስራቅ እንዳይተነፍስ ማለ። ከመሪው ሥር የተሰካውን ዕቃ ግን የገዘተውም ያስታወሰውም የለም። እኛ አፋችንን ይዘን ስንውል እሱ ቀኑን ሙሉ ሲያወራልህ ዋለ!

ሞጣ፣ ደብራችን ልንቀብራቸው የኋላ ወንበሮቹን አንሥተን አባባን አስገባን። ባትሪው ደክሞ ነበር፤ መድከሙን ያው ዕቃህ ነግሮህ፣ አዲስ ከዚህ እልካለሁ ካልህ ሳምንት አልፎህ ነበር። ካጠፋኋት አትነሣም ብዬ ፈራሁ። አባቴን ጭኜ መኪና ግፉልኝ ልበል? ስለዚህ ሞተሩን ሳላጠፋ ነዳሁ። ግንደወይን ስንደርስ አክስታችን ይርጋነሽ ለወንድሜ ሳላለቅስለት አያልፍም ብላ ከጎማው ፊት ወደቀች። ሃምሳ ደቂቃ ቆምን። ከሞጣ መግቢያ እስከ ደብራችን ደግሞ ካህናቱ እያዜሙ፣ አገሩ ሁሉ፣ እስላም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በእግራቸው ከፊቴ ሄዱ። እኔ ከኋላቸው በአንደኛ ማርሽ ተንፏቀቅሁ። አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ ማርሽ ላይ ነበር፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረኝም።

በሠልስቱ ደወልህ። ጸጉሬን ተላጭቼ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሙሾው እንዳይሰማህ ከአጥር ጀርባ ሮጥሁ። ጩኸቱ ምንድን ነው ብትለኝ ገበያ ነው አልሁህ። እንደምን ዋልህ እንኳ ሳትል ወረድህብኝ። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ከዚያ በፊትም ሃምሳ ደቂቃ ሳይጠፋ ቆሞ፤ በመኪናዬ ለማጅ ታለማምዳለህ፣ ሌባ አልኸኝ። ሌባ! ሰባት ዓመት የምበልጥህን፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህን! ቁልፉንም እስከ ገና ለደምለው አስረክብ አልህ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው አባባ ደህና ናቸው ወይ ያልኸኝ። ደህና ናቸው አልሁህ። ይህን ያልሁበት አፌ እስከ ዛሬ ይመረኛል።

ለደምለውም ደውለህ ቁልፍ ተቀበል ብለኸው ኖሯል። ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው አፍሮ ምድር ምድሩን እያየ ነገረኝ። እሱስ ምን ያድርግ?

የሚያንገበግበኝ ስድቡ ብቻ አይመስልህ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማርሹ፣ ስለ ደቂቃው ያን ሁሉ ስትቆጥር አንድ ጊዜ እንኳ ወንድሜ፣ ምን ሆናችሁ ነው አላልህም። ሃያ ዓመት መሪ ይዤ ሰው ሳልገድል፣ አደራ ሳልበላ ኖሬ፣ ዕቃው አንድ ቀን ቢከሰኝ ከእኔ ይልቅ እሱን አመንህ።

አሁን እንዲህ ነው። ቁልፉን ለደምለው አልሰጠሁም፤ እኔም አልያዝሁትም። ለእማዬ ሰጥቻታለሁ፤ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራዋለች። መኪናዋ ከደጃችን ቆማለች፤ በእግሬ መሄድ አላቃተኝም። የአባባ አርባ ታኅሣሥ 28 ነው። ና። ቁልፉን ከእማዬ እጅ ተቀብለህ ለፈለግኸው ስጥ። ሌባ ያልኸኝን ግን በእሷና በአባ አካለ ወልድ ፊት ታነሣልኛለህ። በስልክ ይቅርታ አልቀበልም፤ ብትደውልም አላነሣም።

እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ ልጄ ብቻውን እንዴት ያለቅስ ይሆን እያለች ትብከነከናለች፤ ጉንጮችህን ትስማለች። ስርጉት ከቢቸና አይዞህ ትልሃለች። ባለቤቴ ስንዱ ለአንተም ለምስራቅም ሰላም ብላለች፤ በቁጣዬም እንዳትከፋ አደራ ትላለች፣ የራሷ ጉዳይ ነው። እፀገነት አጎቴ ለአርባው ይመጣል ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራለች። አባ አካለ ወልድ ፋንታ ካርቱም ከገባበት ቀን ጀምሮ ግዝቱን ፈትቻለሁ ብለዋል።

ዕቃህን ነቅዬ ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሃለሁ፤ ፈልገህ ስካው፣ ፈልገህ ጣለው። አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ስልክህ ላይ ያለውን የዚያን ማክሰኞ መዝገብ እንዳታጠፋው። ከሞጣ መግቢያ ጀምረህ ያንን በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚለውን ቀስ ብለህ እየው። ሌባ ያልኸኝ በእሱ ነው፤ የአባታችን ቀብር ነው። አንተም በስልክህ እያየህ እስከ ደብሩ ድረስ ሸኝተሃቸዋል፤ አላወቅህም እንጂ።

ታላቅ ወንድምህ የሻው ሣህለ ማርያም
ሞጣ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2010 ዓ.ም.